ስቲንግሬይ የሳሎን ጌጥ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

እኔ ጎንደር ማራኪ የምኖር ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ዓምና ያስመጣሁትን የወንዝ ስቲንግሬይ (ጠፍጣፋ ዓሣ ነው) ሻጩ “እንደ ጎልድፊሽ ነው፣ አያስቸግርም” ብሎ ነው የሸጠልኝ። ውሸቱን ነው! የአማዞን ወንዝ ልጅ ነው፤ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ይፈልጋል። የጎንደርን ሌሊት ደግሞ ታውቁታላችሁ። መብራት ሲጠፋ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ማጣሪያው ይቆማል፣ ከራሱ ቆሻሻ የሚወጣው አሞኒያም ይመርዘዋል። ቧንቧችን በስንት ጊዜዋ ስትመጣ ክሎሪኗን ይዛ ነው።

አንድ ማለዳ አሸዋው ላይ የገላውን ጠርዝ ወደ ላይ ቆልምሞ አገኘሁት። እስከ ማታ አልቆየም።

ጅራቱ ላይ መርዛም እሾህ እንዳለው እንኳ የነገረኝ የለም። ልጄ እጇን እየከተተች ስታጫውተው የነበረው ትዝ ሲለኝ ይዘገንነኛል። ሻጮች ብሩን ከመቀበላቸው በፊት ይህን ቢነግሩን ምናለበት?

ፀጉር አስተካካዩ፣ ከጎንደር