ስለ ነርሲንግ ሆሙ ጥያቄ ለምን አልጻፋችሁም?

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ማክሰኞ፣ ግንቦት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ እዚህ ባለው አቆጣጠር ሜይ 28 ቀን 2024፣ በካናዳዋ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ሕግ አውጪ ምክር ቤት ስለዋለው ነገር ያወጣችሁትን ዜና አነበብኩ። አንድ የምክር ቤቱ አባል ከእንግሊዝኛና ከፈረንሳይኛ ውጭ በሆነው በእናቱ ቋንቋ በአስተርጓሚ እየታገዘ ተናገረ፣ እንዲህ ያለው ነገር በዚያ ቤት የመጀመሪያው ነው ብላችኋል። ልክ ነው። ሰውየው በዚያ ቋንቋ ስለ ነርሲንግ ሆም፣ ማለትም ስለ አረጋውያን መጦሪያ ቤት፣ የጠየቀው ጥያቄ ግን በዜናችሁ ውስጥ የለም። እኔ ደግሞ ስብሰባውን በኢንተርኔት ቀጥታ ስከታተል እንባዬን ያመጣው ቋንቋው ሳይሆን ጥያቄው ነበር።

አቶ ሶል ማማክዋ የኪዌቲኖንግ ምርጫ ክልል ተወካይ ናቸው። የተቃዋሚው የኒው ዲሞክራቲክ ፓርቲ አባል ሲሆኑ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በምክር ቤቱ አሉ። ክልላቸው የክፍለ ሀገሩ ሰሜን ጫፍ ነው። ከመንደሮቹ ብዙዎቹ በክረምት በረዶ ላይ ከሚጠረግ መንገድ በቀር የመኪና መንገድ የላቸውም፤ በሌላው ጊዜ በአውሮፕላን ነው የሚደረሰው። ኔስካንታጋ የምትባለው መንደር የቧንቧ ውሃዋን ሳታፈላ እንዳትጠጣ ከተነገራት ከ1995 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ እስከዛሬም አልተነሳላትም። ቶሮንቶ ውስጥ ቧንቧ ከፍተን የምንጠጣ ሰዎች በአንድ ክፍለ ሀገር፣ በአንድ ምክር ቤት ሥር መሆናችንን አብዛኞቻችን የምናውቅ አይመስለኝም።

እስከ ባለፈው መጋቢት ድረስ የምክር ቤቱ ደንብ ለአባላቱ የሚፈቅደው ሁለቱን ቋንቋዎች ብቻ ነበር። በመጋቢት ደንቡ ተሻሻለና የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎችም ገቡበት። አቶ ማማክዋ አኒሺኒኒሞዊን በተባለው፣ ኦጂ-ክሪ እየተባለም በሚጠራው ቋንቋቸው ተናገሩ። አስተርጓሚ ተመድቦ ንግግራቸው ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ። እናታቸው ሰገነቱ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ዕለቱ የልደታቸው ቀን ነበር። ልጆች በቋንቋቸው ሲናገሩ በተገኙ ቁጥር ይቀጡባቸው ከነበሩት አዳሪ ትምህርት ቤቶች በአንዱ አቶ ማማክዋ ራሳቸው ተምረዋል። ያ ሁሉ ተደርጎ ያልጠፋ ቋንቋ ነው እንግዲህ ያን ቀን በቀይ ድንጋዩ ሕንፃ ውስጥ የተሰማው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። የዚህ ቋንቋ ጽሕፈት እንደ እኛ ፊደል እያንዳንዱ ምልክት ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ የያዘ ነው። እኛ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያልን ፊደሉን እግርና ቀንድ እየጨመርን እንደምንለውጠው፣ እነሱ ያንኑ ምልክት ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች በማዞር ይለውጡታል። ልጆቻችሁን ፊደል ስታስቆጥሩ አሳዩአቸው፤ ደስ ይላቸዋል።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። አቶ ማማክዋ በጥያቄ ሰዓት ተነስተው የክፍለ ሀገሩን መንግሥት መሪ፣ ፕሪሚየር ዳግ ፎርድን የጠየቁት ስለ ነርሲንግ ሆም ነው። ሱ ሉክአውት በተባለችው የሰሜን ከተማ ለአረጋውያን ሊጨመሩ ቃል የተገባላቸው 76 አልጋዎች ዓመታት አልፈዋቸው ያን ቀን ገና አልተሠሩም ነበር። እዚያ አካባቢ ያሉ አዛውንት አልጋ በመጠበቅ ዕድሜያቸው ያልቃል፤ ካልሆነም ከዘመድም ከቋንቋም ርቀው ወደማያውቁት ከተማ ይሄዳሉ። ፕሪሚየሩ እንሠራዋለን የሚል ቃል ሰጡ። ቃሉ በምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ፣ እዚህ ሀንሳርድ በሚሉት መዝገብ ገብቷል፤ የፈለገ ሰው አውጥቶ ማንበብና ነገ ተነስቶ የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ ይችላል።

እኔን ይህ ለምን እንደነካኝ ልንገራችሁ። እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ያሳለፈችው እዚሁ ከተማ ባለ አንድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ነው። ስሙን አልጠቅስም። ከሠራተኞቹ አማርኛ የሚችል አንድም ሰው አልነበረም። እኔ ከሥራ መልስ ማታ ማታ እሄዳለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ግን ብቻዋን ናት። መርሳት ሲጀምራት መጀመሪያ የጠፋባት ያቺ ጥቂት እንግሊዝኛዋ ናት፤ ቀጥሎ ሰዓቱ፣ ቀጥሎ ፊታችን። አማርኛዋ ግን እስከ መጨረሻው ከእሷ ጋር ነበር።

አንድ ቀን ማታ ስደርስ ሆዷን የራጅ ምርመራ አድርገውላታል፤ መድኃኒትም ታዞላታል። ለምን ብዬ ብጠይቅ ነርሷ በስልኳ ባለው መተርጎሚያ አነጋግራት ሆዷን እንዳመማት እንደነገረቻት አስረዳችኝ። እማዬን ጠየቅኳት። «ሆዴን ባር ባር አለኝ ነው ያልኩት» አለችኝ። አንባቢዎቻችሁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ትርጉም አያስፈልጋቸውም። ሰው ናፍቋት ነበር። የፈለገችው አጠገቧ ቁጭ ብሎ «አይዞሽ እማማ» የሚላት ሰው ብቻ ነበር፤ የሰጧት ግን ክኒን ነው። ነርሷን አልወቅስም፤ ደግ ልጅ ናት፣ የምትችለውን ነው ያደረገችው። ብቻዋን እንዲያ እንድትሠራ ያደረጋትን ነገር ነው የምወቅሰው።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ነገር ሳላነሳ ባልፍ ደስ አይለኝም። እማዬ አገር ቤት ሳለች አማርኛ ያልሠራበት ቢሮ፣ ጤና ጣቢያም ሆነ ቀበሌ ገብታ አታውቅም። አጠገቧ ወረፋ ይዘው ቋንቋ እያጠራቸው «ምን አሉኝ?» እያሉ ሰው የሚጠይቁ እናቶች ግን ነበሩ። እሷ ራሷ ባለ በሌለ ኦሮምኛዋ ስታስተረጉምላቸው ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። ያኔ ደግነት ብቻ ይመስለኝ ነበር። መብት የሚባል ነገር እንደነበረበት የገባኝ እዚህ መጥቼ፣ ተራው የእሷ ሲሆን ነው። ለዚህ ነው ማክሰኞ ግንቦት 20 መዋሉን ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት። አገር ቤት በዚያ ቀን ስም ስለ ቋንቋ ስንት ተብሏል፣ ስንትስ ተጣልተናል፤ እዚህ ደግሞ በዚያው ቀን አንድ ሰው ተነስቶ ቋንቋውን ለባንዲራ ሳይሆን ለአዛውንቶች አልጋ ሲጠይቅበት ሰማሁ።

አሁን አዘጋጁን በቀጥታ ልጠይቅ። ጋዜጣችሁ ስለ ኦታዋው ፓርላማ ይጽፋል፣ ስለ አዲስ አበባው ይጽፋል። የኦንታሪዮ ምክር ቤት የሚሰበሰብበት ኩዊንስ ፓርክ ግን የለም። የነርሲንግ ሆም ፈቃድና ገንዘብ፣ የሆስፒታሉ፣ የልጆቻችን ትምህርት ቤት፣ የቤት ኪራዩ ሕግ ሁሉ የሚወሰነው በዚያ ቤት ነው። ምሳሌ ልስጣችሁ። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ይኸው ምክር ቤት አንድ ሕግ አወጣ። ሐኪም ከሆስፒታል መውጣት ይችላሉ ያላቸው፣ ነርሲንግ ሆም የሚጠብቁ አረጋውያን ራሳቸው ወዳልመረጡት ቤት እንዲመደቡ ይፈቅዳል፤ በደቡብ ኦንታሪዮ እስከ 70 ኪሎ ሜትር፣ በሰሜን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ርቆ። አልሄድም ብሎ ሆስፒታል የቀረ በቀን 400 ዶላር ይከፍላል። ሕጉ ሕዝብ አስተያየቱን የሚሰጥበት ኮሚቴ ፊት ሳይቀርብ ነው የጸደቀው። እኔ ያወቅኩት ከወራት በኋላ፣ ከሆስፒታል ጠርተው አንዲት የማኅበራችንን እናት ሊወስዷቸው ነው ሲሉኝ ነው። ልጃቸው መኪና የላትም። 70 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ሄዶ እናትን ጠይቆ፣ ተመልሶ የሌሊት ሥራ መግባት ምን ማለት እንደሆነ ያንን ሕግ ላወጡት ሰዎች የነገራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። እኛ ነበርን መንገር የነበረብን። አልሰማንማ!

ሌሎች መጤዎች ይህን ቀደም ብለው አውቀውታል። ጣሊያኖቹ ቪላ ኮሎምቦን በ1976 እ.ኤ.አ. ከፍተዋል፤ ቻይናውያኑ ዪ ሆንግን በ1994 እ.ኤ.አ. ጀምረው ዛሬ ወላጆቻቸው በቋንቋቸው እየተናገሩ፣ የለመዱትን ምግብ እየበሉ ያረጃሉ። ይህ በጸሎት ብቻ አልተገኘም። ገንዘብ አዋጥተዋል፣ ተወካዮቻቸውን ደጅ ጠንተዋል፣ አቤቱታ አስገብተዋል። እኛ ቁጥራችን ከእነሱ ያንሳል፤ ራሱን የቻለ ቤት ዛሬ ላይሆንልን ይችላል። ባለው ቤት ውስጥ አንድ ፎቅ፣ እሱም ቢቀር በየፈረቃው አማርኛ ወይም ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ የምትችል አንዲት ነርስ እንድትመደብ መጠየቅ ግን እንችላለን። በዚህ ከተማ በነርስ ረዳትነት የሚሠሩ የአገራችን ልጆች ስንት እንደሆኑ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ በር ላይ ቆሞ መቁጠር ነው። ችግሩ ሠራተኛ ማጣት አይደለም፤ ሠራተኛዋ በአንዱ ቤት፣ አማርኛ የሚናገሩት እናት በሌላው መሆናቸው ነው።

አቤቱታ በፊርማ ተሰብስቦ ለአካባቢው ተወካይ ቢሰጥ ተወካዩ በምክር ቤቱ ተነስቶ ያሰማል። ይህ ሥርዓት ያለ ነው፣ ለማንም ክፍት ነው። እኔ የአቤቱታውን ረቂቅ ጀምሬዋለሁ፤ በማኅበራችን ያሉ ሁለት ጓደኞቼም እያዩት ነው። ጋዜጣችሁ ላይ ብታወጡት አንባቢ ያርመዋል፣ ይጨምርበታል።

ሌላው ልመናዬ ይህ ነው። የጥያቄ ሰዓት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጠዋት በእኛ አቆጣጠር 4 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል። ሰገነቱ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የኩዊንስ ፓርክ ባቡር ጣቢያ ወርዶ ጥቂት መራመድ ብቻ ነው። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ የሚሄድና ስለ አረጋውያን፣ ስለ ሆስፒታልና ስለ ኪራይ የተባለውን በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ላኩ። የሱ ሉክአውት 76 አልጋዎችም የት እንደደረሱ ጻፉልን፤ የእነሱ እናቶች አልጋ ካገኙ የእኛም ጥያቄ መንገድ አለው። የምትልኩት ጋዜጠኛ ከሌላችሁ እኔ ሄጄ ማስታወሻ ይዤ እመጣለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ሥራ የለኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከቶሮንቶ