አባባ፣ መንገዱን ታውቀው ነበር

አሰላሙ አለይኩም አባባ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ትልቁ አራተኛ ክፍል ገባ። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስታወራ ያፏጫል፤ ለአያቴ ካላሳየሁ እያለች ታስቸግረኛለች።

የግፊት መድኃኒትህ አልቋል አሉ። ለምን አልነገርከኝም? መንገዱ ሰላም ሲሆን በሰው እልካለሁ። ቡናውንም በጨው መጠጣት አልተውክም አሉኝ። ተው እንጂ አባባ!

አዲስ አበባ ና ስልህ "ቤቴን ለማን ጥዬ?" አልክ። ይቺን ቃል በ2014ም ሰምቻታለሁ። ወልድያ ከነሐሴ 2013 ጀምሮ በሕወሓት ጦር ተይዛ፣ ደሴ በተፈናቃይ ተጨናንቃ እያለ፣ እማን ይዘህ ከኮምቦልቻ ውጣ ብዬ ለመንኩህ።

ከአንተ በላይ ማን ያውቅ ነበር? በአሰብ ዘመን ከባድ መኪና እየነዳህ ኖረሃል። ልጆች ሆነን ጣቶችህን ዘርግተህ "በዚህ ባቲና ሚሌ፣ በዚህ ከሚሴና ሸዋ። ደሴን የያዘ ተራራ ያዘ፤ ኮምቦልቻን የያዘ መንገዱን ያዘ" ትለን ነበር። በግንቦት 1983ም ጦር ሲያልፍ በዓይንህ አይተሃል።

ደሴ ጥቅምት 20 ተያዘች። ኮምቦልቻም ብዙ አልቆየች። ጦርነቱ አንተ ባሳየኸን በኩል ሄደ። የጦሩ አንዱ ክፍል በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ ሲል ካሳጊታ ላይ ውጊያ ገጠመው። ሌላው በከሚሴ አድርጎ ሸዋ ሮቢት ደረሰ።

ስልክ የለም፣ መብራት የለም። ኅዳር 27 ከተማዋ ነፃ ወጣች ሲባል እንኳ ድምፃችሁን አልሰማሁም። በኋላ ነው የእማን ኢንሱሊን በላስቲክ ጠቅልለህ እንስራው ውስጥ እንዳቆየኸው የሰማሁት። እንዲበቃት ብለህ ግማሽ ግማሹን ትወጋት ነበር። እግሯ ላይ ያቺ ቁስል የወጣችው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ታውቀዋለህ።

በለቅሶው አጠገብህ ተቀምጬ ቃል አልተነፈስኩም። ዛሬ ግን ልጠይቅህ። ወንድሜ "እምቢ ያለችው እማ ናት፤ አባባ መኪና ሳይቀር ተከራይቶ ነበር" ይላል። እውነት ነው? እውነት ከሆነ ለምን ይህን ሁሉ ጊዜ አንተን ስወቅስ ዝም አልከኝ? ካልሆነም ንገረኝ።

ሐሙስ ከመግሪብ በኋላ እደውላለሁ። ስለ ልጆቹና ስለ ግፊትህ ብቻ አውርተህ እንዳትዘጋብኝ።

ልጅህ