የጣርማበር መንገድ ታሪኩ ይነገርለት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደብረ ብርሃን ላይ የሚደርሰው የደሴ መንገድ፣ ጥቂት ካለፈ በኋላ ጣርማበር ላይ ተራራውን በዋሻ ሰንጥቆ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ከዚያም በሸዋ ሮቢት፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ በኩል ደሴ ይገባል። ዋሻውን የሠራው በ1928 ዓ.ም. አገራችንን የወረረው የፋሺስት ኢጣሊያ መንግሥት ሲሆን፣ ዓላማው ጦሩንና ስንቁን በፍጥነት ማመላለስ ነበር። በዚያው ጊዜ በራስ አበበ አረጋይ የሚመሩት የሸዋ አርበኞች በእነዚሁ ተራሮች እየተዋጉ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። ከነፃነት በኋላ መንገዱ የሕዝብ ሆነ፤ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋምም ጥገናው ባለቤት አገኘ።

ዛሬ በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ የሚያየው ግን ጉሙን፣ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ውኃና በጭለማው ውስጥ መብራቱን አብርቶ በዝግታ የሚመጣውን የጭነት መኪና ብቻ ነው። ይህን ያህል ታሪክ የተሸከመ ቦታ በተገቢው መንገድ ሊታወቅ ይገባዋል ብዬ በጽኑ አምናለሁ። ስለዚህ የሚመለከተው አካል በዋሻው ሁለት አፎች የመንገዱን አሠራርና የአርበኞቹን ተጋድሎ የሚገልጽ ሰሌዳ እንዲተክል፣ ከክረምቱ በፊትም የውኃ መውረጃ ቦዮቹን እንዲያስጠርግ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የዘወትር አንባቢ