አንድ ደረሰኝ አራት ጊዜ ሲጻፍ፦ ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። አስራ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን መርካቶና አካባቢው ባሉ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅቶች ውስጥ። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የድሮ ሶፍትዌሮቻችን ከአዲሶቹ የመንግሥት ሲስተሞች ጋር የሚነጋገሩበትን መንገድ ክፈቱልን።

ሥራችን እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ። ዕቃ ሲሸጥ ካሽ ሬጅስተሩ ደረሰኝ ይቆርጣል። ማታ የቀኑን ሽያጭ የሚደምረው ዚ ሪፖርት ይወጣል። በማግስቱ ጠዋት አንዲት ልጅ ወረቀቶቹን ይዛ ፒችትሪ በተባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ ትመዘግባለች። የመጋዘኑ ልጅ ደግሞ ያንኑ ሽያጭ በራሱ የስቶክ ፕሮግራም ላይ ይቀንሳል። ወሩ ሲያልቅ ልጅቷ ከፒችትሪ ወደ ኤክሴል አውጥታ፣ ዓምዶቹን አስተካክላ፣ የቫት ማሳወቂያውን ትሞላለች። ሽያጩ አንድ ነው። የተጻፈው ግን አራት ጊዜ ነው።

የካሽ ሬጅስተር ወረቀት በሙቀት የሚታተም ነው፤ ሲቆይ ይደበዝዛል። ባለፈው ወር ልጅቷ አንዱን ደረሰኝ መስኮቱ ላይ ለጥፋ፣ በብርሃን ስታየው ቆየች። ቁጥሩ 3 ይሁን 8 መለየት አቅቷት ነው። ቁጥሩ እኮ ማሽኑ ውስጥ ጥርት ብሎ ተቀምጧል። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያን የሚያስገድደው ደንብ ቁጥር 139 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ! ዛሬም ከማሽኑ ወደ ሂሳብ መዝገቡ ቁጥሩን የሚያሻግረው የሰው ዓይንና የሰው ጣት ነው።

«ታዲያ ለምን አዲስ ሶፍትዌር አትገዙም?» የሚል ይኖራል። ፒችትሪ አምራቹ ስሙን ራሱ ከቀየረው ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ አገር ግን የሥራ ማስታወቂያው አሁንም «ፒችትሪ የሚችል» ይላል። ሰዉ የሙጥኝ ያለው ያለምክንያት አይደለም። የዓመታት ሂሳብ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ኦዲተሩ ያውቀዋል። ኮሌጅ ያስተምረዋል። ትንሽ ድርጅት ይህን ሁሉ ጥሎ ከዜሮ ጀምር ቢባል አይችልም።

ከዚህ የባሰም አለ። አንድ የሠራሁበት ድርጅት መጋዘን ጥግ ላይ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። በላዩ በማርከር «አይነካ! እንዳይጠፋ!» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የስቶክ ፕሮግራሙን የሠራው ልጅ ውጭ አገር ከሄደ ቆየ። ሶርስ ኮዱ፣ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ዋናው ጽሑፍ፣ በማን እጅ እንዳለ የሚያውቅ የለም። መብራት በጠፋ ቁጥር ሁላችንም ወደዚያ ጥግ እንሮጣለን። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ያለው ያ ድርጅት ብቻ እንዳይመስላችሁ።

የቀን ነገር ደግሞ ለብቻው ራስ ምታት ነው። ፒችትሪ የሚያውቀው የፈረንጅ ካላንደር ነው። ግብር የምናሳውቀው በእኛ ወር ነው። ስለዚህ መሃል ላይ የቀን መለወጫ የኤክሴል ፎርሙላ አለን፤ ማን እንደሠራው አይታወቅም፣ ከድርጅት ድርጅት በፍላሽ ሲዞር የኖረ ነው። ፎርሙላው መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ ያምናል። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜ ስድስት ሆነች። የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። ፎርሙላው ይህን አላወቀም፣ እኛም አላስተዋልንም። መስከረም 30 የተሸጠውን ዕቃ በሙሉ ጥቅምት 1 አድርጎ አስቀመጠው። የመስከረም ማሳወቂያችን ከካሽ ሬጅስተሩ ድምር ጋር አልገጥም አለ። የጥቅምቱ፣ የኅዳሩም እንደዚያው። ስህተቱ የፈረንጁ ፌብሩዋሪ 29 እስኪያልፍ፣ እስከ የካቲት 21 ዘለቀ። እያንዳንዱን ዚ ሪፖርት እያነሳን፣ ቀን በቀን አስታረቅነው። ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አልደበቀም። አንድ ቀን ነው የተንሸራተተው።

ይህን የምነግራችሁ እያንዳንዱ ድርጅት ለብቻው ሊፈታው የማይገባ ችግር ስለሆነ ነው። የቀን ልወጣ ሕጉ አንድ ነው። መንግሥት አንድ ጊዜ በትክክል ሠርቶ፣ ማንኛውም ሶፍትዌር ጠይቆ መልስ የሚያገኝበት ቦታ ቢያስቀምጠው ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀራል።

ከዚያ በላይ የምፈልገው ግን የፋይል አቀባበሉን ነው። ከነጋዴ መረጃ የሚቀበል ማንኛውም የመንግሥት ሲስተም ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት «ፋይሉን በዚህ መልክ እቀበላለሁ» የሚል ዝርዝር በአማርኛና በእንግሊዝኛ ለሕዝብ ይውጣ። ዓምዶቹ ምን ምን ናቸው፣ ቀኑ በየትኛው ካላንደር ይጻፋል፣ ስህተት ሲኖር ምን ይመልሳል። ከእውነተኛው የተለየ መሞከሪያም ይኑረው፤ የወር መጨረሻ ላይ በእውነተኛ ማሳወቂያ አንፈትነው። ይህ ከተደረገ የአገራችን ወጣት ፕሮግራመሮች ለፒችትሪም፣ ለዚያ ለመጋዘን ኮምፒውተርም ማገናኛ ይሠራሉ። አቅሙ አላቸው። የጎደላቸው ሰነዱ ነው።

ደግሞ የምትለዩን በቁጥር እንጂ በስም አይሁን። አንዱ ደንበኛችን በሦስት ሲስተም ውስጥ በሦስት ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። የግብር ከፋይ መለያው ቲን ቁጥር እያለ የስም ፊደል ስለተለያየ ሰነድ ሊመለስ አይገባም።

ይህ እዚሁ አገር ውስጥ እየተሠራበት ያለ አሠራር ነው። ባንኮች ከፋይዳ ጋር ሲገናኙ ነባር የባንክ ሲስተማቸውን አልጣሉም። የሚገናኙበት በር ተዘጋጀላቸው፣ ገቡበት። ኢስቶኒያም ኤክስ ሮድ የተባለውን የመረጃ መለዋወጫ መንገድ በ2001 እ.ኤ.አ. ስትጀምር እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን መዝገብ እንደያዘ ነው የተገናኘው።

አንድ ስጋትም አለኝ። «አሮጌው ከዚህ ወር ጀምሮ ቀርቷል» የሚል ደብዳቤ በድንገት እንዳይመጣብን። እንግሊዝ አገር ቲኤስቢ የተባለው ባንክ በኤፕሪል 2018 እ.ኤ.አ. የአምስት ሚሊዮን ያህል ደንበኞቹን መረጃ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ወደ አዲስ ሲስተም አዛወረ። ሰኞ ሲነጋ ብዙ ሰው ሂሳቡን ማየት አልቻለም። ችግሩ ለወራት ጎተተው፣ በኋላም ተቆጣጣሪዎቹ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። ገንዘብም ባለሙያም ያለው ባንክ እንዲህ ከሆነ፣ የእኛ አገር ባለሱቅ «ሲስተም የለም» ተብሎ ወረፋ ላይ ሲውል ምን ይበላል? አሮጌውና አዲሱ ለጥቂት ወራት ጎን ለጎን ይሂዱ። ድምራቸው ይታይ። እኩል ሲመጣ አሮጌው ይዘጋ፤ ሲዘጋም የድሮው ሰነድ የሚነበብበት መንገድ ይቆይልን። ሕጉ ሰነድ ለዓመታት እንድናቆይ ያዘናል። መክፈቻው ከጠፋ ማቆየቱ ምን ያደርጋል?

ሁሉም በአንድ ዓመት አይደረስም፣ ይገባኛል። ከቀኑ ጉዳይ ጀምሩልን። ከሁሉም ቀላሉ እሱ ነው። ጳጉሜ እንደገና ስድስት የምትሆነው በ2019 ዓ.ም. ነው። ያ የኤክሴል ፎርሙላ አሁንም በፍላሽ እየዞረ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሂሳብ ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ