ዓይንሽን ጨፍነሽ ስላልወደቅሽ

ውድ ልጄ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በትወና ክፍል ዓይንሽን ጨፍነሽ ወደ ኋላ ውደቂ፣ ጓደኛሽ ይይዝሻል ተባልሽ። ጉልበትሽ እምቢ አለ። ከዚያ «ጓደኛሽን አታምኚውም» ብለው ወቀሱሽ። ስታለቅሺ ማደርሽን ሳነብ አንጀቴ ተላወሰ። እኔ ግን ጉልበትሽ ልክ ነበር ባይ ነኝ። ከልጁ ጋር የተዋወቃችሁት በዚያው ሳምንት ነው። እጁን የት አድርጎ እንደሚጠብቅሽ፣ ክብደትሽን ይችለው እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?

እንዲህ ዓይነቱ መተማመን በልምምድ ጥቂት በጥቂት ይመጣል። መጀመሪያ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፋችሁ ቁሙ። ክብደትሽን ትንሽ ትንሽ ስጪው፣ የእሱንም ተቀበዪ። ሳትላቀቁ ቁጭ ብላችሁ ተነሡ። መውደቁም ከአንድ ስንዝር ይጀምር። የሚይዝሽ ሰው አንድ እግሩን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ይቁም። «ዝግጁ ነህ?» ብለሽ ሳትጠይቂ፣ እሱም «ዝግጁ ነኝ» ሳይልሽ እንዳትወድቂ። ደህና አድርጎ በያዘሽ ቁጥር ርቀቱን ጨምሩ።

ከሁሉ የምወደው ግን የመድረክ ጠብን ነው። ፀጉር የሚጎተትበትን ትዕይንት ልንገርሽ። ተመልካቹ አንዱ ሌላዋን በፀጉሯ ሲጎትት ያያል። ጎታች ተብዬው ግን አንዲት ፀጉር አልያዘም። ጡጫውን ጨብጦ አናትሽ ላይ ያሳርፋል። አንቺ በሁለት እጅሽ የእጁን አንጓ ይዘሽ ወደ ራስሽ ትጫኚዋለሽ። ወዴት እንደምትሄዱ፣ በምን ፍጥነት፣ መቼ እንደምታቆሙ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። እሱ ይከተልሻል። ከለቀቅሽው ጠቡ ያኔውኑ ያበቃል። ጥፊም ከዚህ አይርቅም። እጁ አየሩን ቀዝፎ ያልፋል፤ ድምፁን ከሁለት አንዳችሁ ተመልካች በማያይበት በኩል አጨብጭባችሁ ታወጡታላችሁ። ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ ግን እጅ አይነሣም። ተመቺዋ መሪ መሆኗን መጀመሪያ ሳውቅ ለዚህ ሙያ ያለኝ ክብር ጨመረ።

ሩሲያዊው አዘጋጅ ሜየርሆልድ ይህን ነገር በደንብ ያሰበበት ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሞስኮ ውስጥ ተዋንያንን ባዮሜካኒክስ ባለው ስልት ያሠለጥን ነበር። ከልምምዶቹ መካከል ጥፊ መምታትና ጓደኛ ደረት ላይ መዝለል ይገኙበታል። ልምምዱ ሁለት ጊዜ በማጨብጨብ ይከፈታል፤ በዚያ የሁለቱ ምት ይገጥማል። ከዋናው እንቅስቃሴ በፊት ደግሞ ትንሽ ወደ ተቃራኒው መሄድ አለ። ሊመታ ያለ እጅ መጀመሪያ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሊዘል ያለ ሰው መጀመሪያ ዝቅ ይላል። ጓደኛሽ የሚያነበው ይህን ዝግጅት ነው፤ ስለዚህ አትደብቂበት። ድንገተኛ መሆን ጉብዝና የሚመስላቸው ተማሪዎች ያናድዱኛል። የሚያተርፉት ነገር ቢኖር ጓደኛቸውን ማቁሰል ነው።

ሲያነሣሽም ዝም ብለሽ አትንጠልጠዪ። የላላ ሰውነት ይከብዳል። ሆድሽን ጠበቅ አድርጊ፣ አብራችሁ ተንፍሱ፣ በትንፋሹ ዝለዪ። ከሸክሙ ትልቁ ድርሻ የአንቺ ዝላይ ነው።

ደግሞ አደራ፣ ወገብሽን ካመመሽ ልምምዱ ሳይጀመር ንገሪው። የማይነካ ቦታ ካለ ንገሪው፤ እሱም ይንገርሽ። «በቃ» ስትባባሉ ሁለታችሁም ያለ ክርክር የምታቆሙ ሁኑ። መምህርሽ ቢጫንሽ «እስከዚህ ድረስ እችላለሁ» ብለሽ በትሕትና ንገሪው። ይህን ማለት መብትሽ ነው።

ልጁንም አትቀየሚው። አንቺ ይጥለኛል ብለሽ ስትፈሪ፣ እሱ ብጥላትስ ብሎ ፈርቶ ይሆናል። ጠይቂው እስቲ። ነገ ከክፍል ቀደም ብላችሁ ግቡና ሁለታችሁ ብቻ ተለማመዱ። ቀለበትሽንና የጆሮ ጌጥሽን ማውለቅ አትርሺ፤ ጥፍርሽንም ቁረጪ። እንዴት እንደሆነላችሁ ጻፊልኝ።

እናትሽ