የሴቶች ስድስቱ ሀገራት ራግቢ በአሸናፊዋ ብቻ አይመዘንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ስለ ሴቶች ራግቢ በስፖርት ገጻችሁ የሚወጣው ዘገባ ጥቂት በመሆኑ፣ በወጣ ቁጥር አንድም መስመር ሳይዘሉ ከሚያነቡት ሰዎች መካከል ነኝ። እ.ኤ.አ. የ2025ን የሴቶች የስድስቱ ሀገራት ሻምፒዮና የተመለከተው አጭር ጽሑፍ፣ እንግሊዝ ለሰባተኛ ተከታታይ ጊዜ ዋንጫውን ማንሳቷን ከገለጸ በኋላ ውድድሩ ፉክክር የሌለበት ሆኗል ብሎ መደምደሙን ሳነብ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ድምዳሜው ግን አሥራ አምስት ጨዋታ ተደርጎ የአንዷን ቡድን አምስት ጨዋታ ብቻ ያየ ሰው ድምዳሜ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ውድድሩን ለማያዘወትሩ አንባቢያን ጥቂት ላስታውስ። በ1996 በእንግሊዝ፣ በአየርላንድ፣ በስኮትላንድና በዌልስ መካከል የተጀመረ ሲሆን፣ በ1999 ፈረንሳይ ተቀላቅላ፣ በ2007 ደግሞ ጣሊያን የስፔንን ቦታ ተረክባ የአሁኑን ቅርጹን ይዟል። እያንዳንዱ ቡድን ከሌሎቹ አምስት ጋር አንድ አንድ ጊዜ ይገናኛል። ያሸነፈ አራት ነጥብ ያገኛል፤ አራትና ከዚያ በላይ ትራይ (ኳስን ከተጋጣሚ የግብ መስመር ባሻገር መሬት በማስነካት የሚገኝ ነጥብ) ያስቆጠረ ቡድን ቢሸነፍም እንኳ አንድ ተጨማሪ ነጥብ ይሰጠዋል፤ በሰባት ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት የተሸነፈም እንዲሁ አንድ ነጥብ ይዞ ይወጣል። ይህን የነጥብ አሰጣጥ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የውድድር ዘመኑ ፉክክር በአብዛኛው የታየው እነዚህ ትንንሽ ነጥቦች በሚለቀሙበት ቦታ ነበርና።

በመጀመሪያ የጸሐፊያችሁን ወገን መከራከሪያ በሐቅ ላስቀምጥ። እንግሊዝ በዮርክ ጣሊያንን 38 ለ 5፣ በካርዲፍ ዌልስን 67 ለ 12፣ በኮርክ አየርላንድን 49 ለ 5፣ በሌስተር ስኮትላንድን 59 ለ 7 አሸነፈች። በአራቱ ጨዋታዎች የነበረው አማካይ ልዩነት 46 ነጥብ ነው። እስከዚህ ድረስ ያለውን ብቻ ያየ ሰው ፉክክር የለም ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን ሚያዝያ ወር ሊያልቅ ሲል፣ በ26ኛው ቀን፣ በትዊከናም በተደረገው አምስተኛ ጨዋታ ሁለት ሳይሸነፉ የመጡ ቡድኖች፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ፣ ተገናኙ፤ ውጤቱም 43 ለ 42 በእንግሊዝ አሸናፊነት ተጠናቀቀ። አንድ ነጥብ ነው። በራግቢ አንድ ትራይ አምስት ነጥብ፣ ከትራዩ በኋላ በእንጨቶቹ መካከል የሚላክ ምት ሁለት ነጥብ፣ የቅጣት ምት ሦስት ነጥብ በሚያስገኝበት ስሌት፣ ከአንድ ነጥብ ያነሰ የማሸነፊያ ልዩነት ሊኖር አይችልም። እንግሊዝ በጨዋታው መጀመሪያ ሰፊ ልዩነት ከፍታ ሳለ ፈረንሳዮቹ እየተጠጉ፣ እየተጠጉ መጥተው የዋንጫውን ባለቤት እስከ መጨረሻዋ ፊሽካ ድረስ አጠራጣሪ አደረጉት። አርባ ሁለት ነጥብ አስቆጥሮ መሸነፍ በየትኛውም የራግቢ ደረጃ ብርቅ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ማወቅ ያለበት ሌላም ነገር አለ። እንግሊዝ በዚህ ውድድር ዋንጫውን ያጣችው ለመጨረሻ ጊዜ በ2018 ሲሆን፣ የነጠቀቻትም ፈረንሳይ ናት፤ በግሬኖብል በተደረገው በዚያ ጨዋታ ውጤቱ 18 ለ 17 ነበር። ከዚያ ወዲህ ፈረንሳይ እንግሊዝን አሸንፋ አታውቅም፤ ይሁንና በ2021 የተሸነፈችው 10 ለ 6፣ በ2023 ደግሞ 38 ለ 33 ነው። በ2023ቱ ጨዋታ እንግሊዝ እስከ እረፍት 33 ለ 0 ትመራ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው፣ የ2025ቱ ውጤት ድንገተኛ እንዳልሆነ ይረዳል። ሁልጊዜ አንዷ ታሸንፋለች ማለትና ሁልጊዜ በቀላሉ ታሸንፋለች ማለት ይለያያሉ፤ የዘገባችሁ ትልቁ ጉድለትም ሁለቱን አንድ ማድረጉ ነው።

ታዲያ እንግሊዝ ለምን ሁልጊዜ ታሸንፋለች? ለዚህ መልሱ በተሰጥኦ ክፍፍል የሚገኝ አይመስለኝም። የእንግሊዝ ራግቢ ማኅበር በጥር 2019 ለ28 ተጫዋቾች የሙሉ ጊዜ ኮንትራት ሰጠ፤ የሰባቱ ተከታታይ ዋንጫዎች የመጀመሪያው የተነሳውም በዚያው ዓመት ነው። ዌልስ የመጀመሪያዎቹን 12 ኮንትራቶች የሰጠችው በጥር 2022 ሲሆን፣ አየርላንድና ስኮትላንድ ወደ ሙሉ ጊዜ ክፍያ የገቡት በዚያው ዓመት መገባደጃ አካባቢ ነው። ስለዚህ እንግሊዛዊቷ ተጫዋች ጠዋት ልምምድ፣ ቀን ሕክምናና እረፍት፣ ከሰዓት የተጋጣሚን ቪዲዮ ማጥናት ሥራዋ ሆኖ ሦስት ዓመት ያህል ሲያልፍ፣ ተጋጣሚዋ ከመሥሪያ ቤት ወይም ከትምህርት ቤት ወጥታ ማታ ማታ ትለማመድ ነበር። ሁለቱ ስክረም ውስጥ (የሁለቱ ቡድን ተጫዋቾች ተያይዘው ለኳስ በሚገፋፉበት) ትከሻ ለትከሻ ሲገናኙ የሚታየው ልዩነት በአብዛኛው ይኸው ነው፤ በተለይም በመጨረሻዎቹ ሃያ ደቂቃዎች፣ ተቀያሪዎች በሚገቡበት ሰዓት፣ ደመወዝ የሚከፈላት ሃያ ሦስተኛዋ ተጫዋች (የመጨረሻዋ ተቀያሪ) የማይከፈላትን ሃያ ሦስተኛ ስትበልጣት ውጤቱ በሰፊው ይከፈታል።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስል የአየርላንድን ጉዳይ ሰፋ አድርጌ ላንሳ፤ ከስድስቱ ሀገራት ሁሉ አስተማሪው እርሱ ይመስለኛልና። አየርላንድ በመስከረም 2021 በፓርማ በስኮትላንድ 20 ለ 18 ተሸንፋ ከዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ወደቀች። በታኅሣሥ ወር 62 የቀድሞና የወቅቱ ተጫዋቾች በሀገራቸው ራግቢ ማኅበር ላይ እምነት ማጣታቸውን ገልጸው ለመንግሥት ደብዳቤ ጻፉ። ኮንትራቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ፍሬ ግን መራራ ነበር፦ በ2023 አየርላንድ አምስቱንም ጨዋታ ተሸንፋ መጨረሻ ወጣች፤ ከፍለን ምን አገኘን የሚል ሰው ያኔ ቢኖር ኖሮ ማስረጃ አያጣም ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ በ2024፣ በአሠልጣኝ ስኮት ቤማንድ ሥር ሦስተኛ ሆነች፤ በዚያው ዓመት መስከረም በቫንኩቨር የዓለም ሻምፒዮኗን ኒውዚላንድን 29 ለ 27 አሸነፈች፤ በ2025 ሦስተኝነቷን አስጠበቀች፤ በዓለም ዋንጫው ሩብ ፍጻሜ ደግሞ ፈረንሳይን እስከ እረፍት 13 ለ 0 ስትመራ ቆይታ 18 ለ 13 ተሸነፈች። ከ2023 እስከ 2025 ባለው ጊዜ የተገኘ ለውጥ ነው። ውድድሩ ሞቷል የሚል ሰው ይህን መንገድ አንድ በአንድ ሄዶ ቢያየው መልካም ነበር።

በዘገባው ውስጥ ጨርሶ ያልተነሳው፣ ለእኔ ግን የ2025 ውድድር ዘመን ዋና ታሪክ የሆነው፣ በሠንጠረዡ መካከል የተካሄደው ትግል ነው። አየርላንድ በፓርማ ጣሊያንን 54 ለ 12 አሸነፈች። ጣሊያን ስኮትላንድን በራሷ በስኮትላንድ ሜዳ 25 ለ 17 ረታች። ስኮትላንድ ደግሞ በመጨረሻው ዙር በኤድንብራ አየርላንድን 26 ለ 19 ድል አደረገች። ሦስቱም ዌልስን አሸንፈው፣ ሦስቱም በእንግሊዝና በፈረንሳይ ተሸንፈው፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ድል ይዘው ጨረሱ። ማን ከማን ይበልጣል ቢባል ክቡ ዞሮ ዞሮ እዚያው ይመለሳል። አየርላንድን ሦስተኛ ያደረጓት እነዚያ ከላይ የጠቀስኳቸው ትንንሽ ነጥቦች ናቸው፦ በጣሊያንና በዌልስ ላይ ያስቆጠረቻቸው ብዙ ትራዮች፣ እንዲሁም በኤድንብራ የተሸነፈችበት ልዩነት ልክ ሰባት መሆኑ። ስኮትላንድ በበኩሏ በጣሊያን የተሸነፈችው በስምንት ነጥብ ነውና፣ በአንድ ነጥብ ስንዝር የሽንፈት ማካካሻዋ አመለጣት። እንዲህ ያለ ጥብቅ ፉክክር በወንዶቹ ውድድር ቢታይ ገጹ ሁሉ የእርሱ ይሆን ነበር (ይህን የምለው የወንዶቹን ውድድር ንቄ አይደለም፤ እርሱንም እከታተላለሁ)።

ስለ ዌልስ ግን ሐዘኔን መደበቅ አልችልም፤ የእኔንም መከራከሪያ የምታከብደው እርሷ ናት። ዌልስ ከአየርላንድና ከስኮትላንድ ቀድማ ኮንትራት ሰጥታ በ2022ም በ2023ም ሦስተኛ ወጥታ ነበር። በ2024 የመጨረሻውን ደረጃ ያዘች፤ በ2025ም ያለ አንዳች ድል እንደገና መጨረሻ ሆነች። ገንዘብ ብቻውን ይበቃል ብል ዌልስ ትቃረነኛለች። በመካከሉ የሆነው በ2024 የተካሄደው የኮንትራት ድርድር ነው፤ ድርድሩ የተያዘበት መንገድ ከተጫዋቾቹ ጋር ያለውን መተማመን አደፍርሶ፣ የዌልስ ራግቢ ማኅበር በኋላ በይፋ ይቅርታ እስከመጠየቅ ደርሷል። አዲሱ አሠልጣኝ ሾን ሊን ግሎስተር ሃርትፑሪን ለሦስተኛ ተከታታይ የእንግሊዝ ሊግ ዋንጫ ያበቃው መጋቢት 16 ሲሆን፣ ዌልስ የመጀመሪያ ጨዋታዋን በኤድንብራ ያደረገችው መጋቢት 22 ነበር። በስድስት ቀን ልዩነት የመጣ አሠልጣኝ በዚያ ጨዋታ 24 ለ 21 መሸነፉ የሚያስወቅሰው አይደለም። ያስጨነቀኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፦ 12 ለ 67፣ 12 ለ 42፣ 14 ለ 40፣ 12 ለ 44። ኮንትራት መስጠት አንድ ነገር ነው፤ የተሰጠውን ኮንትራት በአክብሮት ማደስ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሁለተኛው ሲጓደል የመጀመሪያው የሚያስገኘው ጥቅም በአንድ ዓመት ውስጥ ሊባክን እንደሚችል ዌልስ አሳይታለች።

ስለ ተመልካች ቁጥር ዘገባው ያነሳውን ጥርጣሬ በከፊል እጋራለሁ። በ2023 የእንግሊዝና የፈረንሳይን ጨዋታ በትዊከናም 58,498 ሰው ተመልክቶት ነበር፤ በ2025 በዚያው ሜዳ በሁለቱ መካከል ለተደረገው እጅግ የተሻለ ጨዋታ የገባው ከ37 ሺህ ጥቂት የበለጠ ሰው ነው። ይህን መቀነስ ማድበስበስ አይገባም። ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የካርዲፉ ነው፤ በፕሪንሲፓሊቲ ስታዲየም 21,186 ሰው ተገኝቶ በዌልስ ለሴቶች ስፖርት ክብረ ወሰን ሲመዘገብ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ያየው የውድድሩን ትልቁን ሽንፈት ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ስታዲየም የመጣች ታዳጊ የሀገሯ ቡድን በ55 ነጥብ ልዩነት ሲሸነፍ አይታ በሚቀጥለው ዓመት ትመለስ ዘንድ የሚያስፈልገው ማስታወቂያ አይደለም፤ ተፎካካሪ ቡድን ነው። ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጨዋታ አምስት ወር በኋላ በዚያው በትዊከናም የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ 81,885 ሰው ማስተናገዱ፣ ተመልካቹ ጨዋታው ሲመጥነው እንደሚመጣ በበቂ ያስረዳል።

የዓለም ዋንጫውን ካነሳሁ አይቀር፣ በዚያ ፍጻሜ እንግሊዝ 33 ለ 13 ያሸነፈቻት ካናዳ መሆኗን ልጨምር። የካናዳ ራግቢ ማኅበር ለውድድሩ ዝግጅት አንድ ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ከደጋፊዎች ለማሰባሰብ ዘመቻ ከፍቶ ነበር። በዚህ ዓይነት በጀት የመጣ ቡድን በግማሽ ፍጻሜው ኒውዚላንድን 34 ለ 19 አሰናብቷል። ይህ የካናዳውያኑን ብርታት ያሳያል፤ ነገር ግን መዋጮ መሰብሰብ ለአንድ ውድድር እንጂ ለአራት ዓመት ዝግጅት አያደርስም፤ የአውሮፓ ማኅበራትም ከዚህ መማር ያለባቸው ለጋሽ ፍለጋን አይደለም።

ክቡር አዘጋጅ፣ ከጋዜጣው ብዙ ቦታ አልጠይቅም። ሻምፒዮናው በሚካሄድባቸው ሳምንታት የሦስቱንም ጨዋታዎች ውጤት፣ ከሙሉ የነጥብ ሠንጠረዡና ከተጨማሪ ነጥቦቹ ጋር፣ ሰኞ ዕለት ብታወጡ ለአንባቢ ይበቃዋል። አሁን የሚወጣው የእንግሊዝ ውጤት ብቻ ስለሆነ፣ አንባቢያችሁ በኤድንብራ ስኮትላንድ አየርላንድን ማሸነፏን ከእናንተ ገጽ ሊያውቅ አልቻለም። ቦታ ካነሰም፣ የእንግሊዝን አምስት ጨዋታ በአንድ መስመር አሳጥራችሁ የተረፈውን ለሦስቱ የመካከለኛ ቡድኖች ብትሰጡት ቅር የምሰኝ አይደለሁም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ ቋሚ አንባቢ