ከአዋሽ ወዲያም ሰው አለ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እሑድ ያወጣችሁትን በትንሽ ገንዘብ በአውቶብስ ወደ ድሬዳዋ የመጓዝ ጽሑፍ ያላነበበ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዘመድ ወዳጁ ሁሉ በስልክ እየላከልኝ ሰንብቷል፤ የሚልኩልኝም እንድናደድ ነው። ተሳክቶላቸዋል።

ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ መጥፎ ነው አልልም። ትኬት ከዋዜማው ይቆረጥ ያላችሁት ልክ ነው። አውቶብሱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሣል ከተባለ 10 ሰዓት ላይ መናኸሪያ መገኘት ነው ያላችሁትም ልክ ነው። ስልክህን በኋላ ኪስህ አትያዝ ያላችሁትን እኔም ለወንድሞቼ እነግራለሁ። ጠቤ ከአንድ ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። ጸሐፊው አዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ ላይ ቁርሳቸውን ከበሉ በኋላ፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ድሬዳዋ የሚታይ ነገር ስለሌለ መጋረጃውን ስቦ መተኛት ብልህነት ነው ብለው ይመክራሉ።

እኔ የተወለድኩት ጸሐፊው በተኙበት ቦታ ነው።

እስኪ የተኙበትን እንቁጠረው። ከአዋሽ በኋላ አስፋልቱ በአሰቦትና በሚኤሶ ሙቀት ውስጥ ያልፍና ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል። ሹፌሩ ማርሽ ሲቀይር፣ ጆሮ ሲደፈን፣ በሚኤሶ የወለቀው ጃኬት ተመልሶ ሲለበስ ጭሮ ደረሱ ማለት ነው፤ እኛ እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ የምንላት። ከዚያ የተወለድኩባት ሂርና፣ ከዚያ ቆቦ፣ ካራሚሌ፣ ጨለንቆ፣ ቁልቢ። ጨለንቆ በ1879 ዓ.ም. የሐረሩ አሚር አብዱላሂና የምኒልክ ጦር የተዋጉበት ነው፤ የሐረር ዕጣ የተቆረጠው እዚያ ነው። ቁልቢ ደግሞ ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ያገር ሰው የሚጎርፍበት፣ አውቶብሱም ሚኒባሱም ሁሉ መዳረሻውን ለውጦ «ቁልቢ! ቁልቢ!» የሚልበት ነው። ይህን ሁሉ ትተው ይተኙ እንበል። ደንገጎ ላይስ? ያ ቁልቁለት እየተጠማዘዘ ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ የተኛ ሰው ግንባሩ ከመስታወቱ ጋር እየተጋጨ እንዴት እንቅልፍ እንደቀጠለ ቢጻፍ ኖሮ እሱ ራሱ ጥሩ የጉዞ ጽሑፍ በወጣው።

ነገሬ ግን የመልክዓ ምድር አይደለም። ተራራችንን ሰው አየልን አላየልን ብሎ የሚያኮርፍ ሂርና ውስጥ የለም፤ ሁሉም ሥራ አለው። የከነከነኝ የሒሳቡ ሰንጠረዥ ነው። ለኪስ የሚስማማ ተብሎ የወጣው ሒሳብ በሙሉ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ነው። አውቶብስ ሁለት ጫፍ ብቻ ያለው፣ በመካከሉ ሰው የማይወጣበትና የማይወርድበት ዕቃ ሆኗል። እኛ የመካከል ሰዎች ነን። ለኛ ያ ዋጋ ሌላ ታሪክ አለው፤ ጸሐፊው ነቅተው ቢሆን ኖሮ ሲፈጸም በዓይናቸው ያዩት ነበር።

ትኬት መቁረጫው መስኮት ላይ የሚሆነው እንዲህ ነው።

«የት?»

«ሂርና።»

«ሂርና የለም፤ ድሬ ነው።»

«አውቶብሱ በሂርና አያልፍም እንዴ?»

«ያልፋል።»

«ይቆማል?»

«ለምሳ ይቆማል።»

«እንግዲያው ሂርና ብለህ ቁረጥልኝ።»

«ጋሼ፣ ድሬ ከሆነ ያዝ፣ ካልሆነ ለሰው ልቀቅ።»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ያጉረመርማል። ድሬዳዋ ተብሎ ይጻፍልኛል፣ የድሬዳዋን እከፍላለሁ።

አሁን ረጋ ብለን እናስብ። የአውቶብሱን ባለቤት እረዳዋለሁ። እኔ ሂርና ስወርድ ወንበሩ ባዶውን ድሬዳዋ ከደረሰ ኪሣራ ነው፤ ጎማ አለ፣ ናፍጣ አለ፣ መለዋወጫ አለ። ባዶ ወንበር ይዞ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ ክፍያውን እንደ ቅጣት ቆጥሬ ዝም እል ነበር። ግን ወንበሩ ባዶ አይሄድም። ባለፈው ጉዞዬ ሂርና ላይ ሻንጣዬን ከላይ እያወረድኩ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ድሬ አንድ ሰው! ድሬ አንድ ሰው!» ይላል። አንድ ጎረምሳ ማዳበሪያውን ታቅፎ ዘሎ ገባና እኔ ከተነሣሁበት ላይ ተቀመጠ፤ ብሩንም እዚያው ቆጥሮ ሰጠ። ረዳቱን «ያ ወንበር እስከ ድሬዳዋ የኔ አይደለም ወይ? ከፍዬበት የለም?» አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና «ወርደህ የለም እንዴ ጋሼ?» አለኝ። መልስ አጣሁለት። ወርጃለሁ።

ታሪፍ የሚባለው ነገር በተሽከርካሪው ደረጃና በኪሎ ሜትር ተሰልቶ የሚወጣ ነው፤ መናኸሪያው ግድግዳ ላይም ይለጠፋል። ጭሮ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሂርና ከሱ ትንሽ አለፍ ይላል። ድሬዳዋ ከ500 በላይ ነው። ስለዚህ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ እግሬ ያልረገጠውን መንገድ እከፍላለሁ፤ ያንኑ መንገድ ጎረምሳውም ይከፍለዋል። ደረሰኝ ግን ያለን ለአንዱ ብቻ ነው። በኪሎ ሜትር ማሰብ ግድግዳው ላይ ብቻ ከሆነ ወረቀቱን ገንጥለው ሌላ ማስታወቂያ ቢለጥፉበት ይሻላል።

«ታዲያ እስከ ጭሮ በሚሄደው ተሳፍረህ ከዚያ በሚኒባስ ለምን አትሄድም?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እሄዳለሁ። ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ የማደርገው እሱኑ ነው፤ ጊዜ ላለው ርካሽ ተጓዥም የምመክረው እሱኑ ነው። ጭሮ ወርዶ ሻይ መጠጣት፣ ከዚያ ወደ ሂርና የሚጠራውን ሚኒባስ መያዝ፣ ከሂርና ወደ ቆቦ፣ እያለ እየቆራረጠ ቁልቢ፣ ደንገጎ። ሚኒባስ ሲሞላ ነው የሚነሣው፤ መሙላት ማለት ደግሞ ለሦስት በተሠራው ወንበር አራት ሰው መቀመጥ ነው። ቀኑ ያልቅና ጨለማ ከመጣ አልጋ መያዝም አለ። ቢሆንም ሰው የሄደበትን ያህል ይከፍላል። ይህ መንገድ ጽሑፋችሁ ውስጥ አንድ መስመር አላገኘም፤ ለአንገት ትራስና ለጆሮ መድፈኛ ግን አንድ ሙሉ አንቀጽ ተገኝቷል።

የመልሱ ጉዞ ደግሞ ይብሳል። ከሂርና ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ትኬት የሚቆርጥበት መስኮት የለውም፤ አስፋልት ዳር ቆሞ መጠበቅ ነው። ከድሬዳዋና ከሐረር በሌሊት የተነሡት አውቶብሶች ተራ በተራ ይመጣሉ፤ ሹፌሩ መዳፉን ገልበጥ አድርጎ «ሙሉ ነው» ይላል፣ አቧራውን ትቶልን ይሄዳል። አንዱ ከቆመልን ትርፍ አድርጎ ሊጭነን ነው። እናቴን ለሕክምና ሳመጣ የተሳፈርነው እንደዚያ ነው። ለኔ ወንበሮቹ መካከል የተደፋ ጀሪካን፣ ለእሷ ደግሞ አንድ ደግ ተማሪ ተነሥቶ የለቀቀላት ግማሽ ወንበር። ኬላ ሲቃረብ ረዳቱ ወደኛ ዞሮ «ትርፎች ዝቅ በሉ! ዝቅ!» አለ። እኔ ዝቅ አልኩ። ከፊቴ ነጭ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ምርኩዛቸውን እግራቸው ሥር አስገብተው፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ጎንበስ አሉ። ትራፊኩ በመስኮት አየ፤ የሚታየው በሙሉ በወንበሩ የተቀመጠ ሰው ነው። አለፍን። ሽማግሌው ቀና ሲሉ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው «ከፍለን እንሰግዳለን» አሉ። ሒሳቡን ደግሞ ጠይቁኝ፤ ሙሉ፣ ከድሬዳዋ እንደተሳፈረ ሰው።

በሠንጠረዡ ግርጌ «ምቾት ለሚፈልጉ ባቡር አለ» የምትል ማስታወሻ አይቼ ሳቅሁ። የፈረንሳዮቹ ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገባ፤ ወደ አዲስ አበባ ሲቀጥል ቆላ ቆላውን ሄደ። ከመቶ ዓመት በኋላ መጥቶ በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም በሚኤሶ አድርጎ ያንኑ ቆላ ይዞ ሄደ። የጭሮ ሰው ባቡር ማየት ከፈለገ ቁልቁል ወርዶ ነው፤ የሂርና ሰው ደግሞ ጭሮ ድረስ ሄዶ ከዚያ ይወርዳል። አልቀየምም። ዳገት ለባቡር እንደማይመች ይገባኛል። ለጋዜጠኛ የማይመችበት ምክንያት ግን አልገባኝም።

ምሳን በተመለከተ አንድ እርምት ልጨምር፤ ይህ እንኳ ለጸሐፊው ኪስ ይጠቅማል። አውቶብሱ የቆመበት ቤት ብሉ ብለዋል። አውቶብስ የሚቆመው ሹፌሩና ረዳቱ ሳይከፍሉ በሚበሉበት ቤት ነው፤ የነሱን ሒሳብ ማን እንደሚሸፍነው መገመት አያቅትም። አስፋልቱን ተሻግሮ መብላት ነው፤ ሹፌሩ ጥሩንባ ሲነፋ ይሰማል።

ደግሞስ «አነስተኛ በጀት ያለው ተጓዥ» ማለት ማን ነው? ፎቶው ላይ ያለው ጀርባው ላይ ትልቅ ቦርሳ ያዘለ፣ ፀሐይ መነጽር ያደረገ ወጣት ነው። ደስ ይላል፤ ይምጣ፣ ይዙር፣ ሂርናም ይውረድ፤ ቤታችን ቡና አለ፣ የሐረርጌ ቡና። ግን እሱ በርካሽ የሚሄደው ስለመረጠ ነው፤ ሲሰለቸው አውሮፕላን አለው። ከጎኑ የተቀመጠው ወደ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚመለሰው ተማሪ፣ ድንችና ሽንኩርት አስጭና ሒሳቧን ልትቀበል የምትሄደው ነጋዴ፣ ከአረብ አገር ተመልሳ ሻንጣዋን ጣራ ላይ በገመድ ያሳሰረችው ልጅ፣ እነዚህ ሌላ መሄጃ የላቸውም። በጽሑፋችሁ ውስጥ እነዚህ ሰዎች የተነሡት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም መተላለፊያውን ስለዘጋው ኩንታላቸውና ስለ ጫታቸው ሽታ። ጫቱ ይሸታል፤ አልክድም። በኩንታሉ ውስጥ ያለው ግን አዲስ አበባ ገበያ ላይ ተራግፎ ምናልባትም በጸሐፊው ወጥ ውስጥ የገባ ነው።

እንድታስተካክሉ የምፈልገው ብዙ አይደለም። የመካከል መንገደኛ ስንት እንደሚከፍልና ለምን እንደሚከፍል የሚመለከተውን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ጠይቁልን፤ እኛ ስንጠይቅ «ማመልከቻ አስገባ» ነው፣ እናንተ ስትጠይቁ ስልክ ይነሣል። ከዚያ ጸሐፊውን መልሳችሁ ላኳቸው። መናኸሪያ ሄደው፣ ጋዜጠኛ መሆናቸውን ሳይናገሩ፣ መስኮቱ ላይ ቆመው «ሂርና» ይበሉ። ትኬት ቆራጩ ሂርና ብሎ ጽፎ የሂርናን ሒሳብ ከተቀበላቸው ያንን ትኬት ፎቶ አንሥታችሁ በፊት ገጽ አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር፤
የሂርና ልጅ፣ ከአዲስ አበባ